ሁለቱ ፍላቶች፤ ቀሪቦና ብርዝ በፍራፍሬና በቅመም ስለ ማጣፈጥ

(ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ እናቶችና ቤተሰቦች የተሰጠ ትምህርት)



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከጓዳችሁ የራቀ አይደለም። ስለ መጠጥ ነው። በዚህ አገር እንግዳ ያለ መጠጥ አይሸኝም። ማኅበር ሲደርስ፣ ሰንበቴ ሲሆን፣ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ደቦ ሲጠራ የቤቱ እመቤት ከሁሉ አስቀድማ የምታስበው ጋኗንና ገንቦዋን ነው። ለአዋቂው ጠላ ይጠመቃል። ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ጠላ ለማይቀምስ ሰውና ለሙስሊም ጎረቤት ደግሞ ቀሪቦ ወይም ብርዝ ይዘጋጃል።

ቀሪቦ ማለት ጠቆር ተደርጎ ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ አረፋ ያለው፣ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ጣፋጭ መጠጥ ነው። ብርዝ ደግሞ በውሃ የተበረዘ ማር ነው። ሁለቱም በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በሎሚ፣ በጦስኝ የጣፈጡ እንደ ሆነ ከሱቅ ከሚመጣው የጠርሙስ ለስላሳ አያንሱም። እኔም የመጣሁት ተዉት ልላችሁ አይደለም። በደንብ ሥሩት፤ ልጆቻችሁም ሳይታመሙ ይጠጡት ልላችሁ ነው እንጂ።

በአንድ ቤት የሆነው ነገር

በአንድ የደጋ መንደር የሆነውን ላጫውታችሁ። የቤቲቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ በማናችንም ቤት ሊሆን ይችላልና።

አንዲት ባልትና የምታውቅ እናት ለልጇ ክርስትና አንድ ትልቅ ገንቦ ቀሪቦ አዘጋጀች። ገብሱን ራሷ ለቀመች፤ ራሷ ቆላች፤ ውሃውንም በደንብ አፈላች፤ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ጨመረችበት። እንግዶቹ ቀምሰው «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ነገር ግን ከማዶ መንደር ያልታሰቡ እንግዶች መጡና መጠጡ ሊያልቅ ሆነ። እርሷም እንዳታፍር ብላ ከምንጭ የተቀዳ ሁለት ማሰሮ ጥሬ ውሃ ጨመረችበት። እንዳይቀጥን ደግሞ ስኳርና ተጨማሪ ዝንጅብል አከለችበት። ጣዕሙ ምንም አልተለወጠም። ማንም አላወቀባትም።

በሦስተኛው ቀን ከጠጡት ልጆች አራቱን ተቅማጥ ያዛቸው። ከሁሉ የጸናበት የእርሷው የሦስት ዓመት ልጅ ነበረ። ዓይኑ ጎደጎደ፤ አፉ ደረቀ፤ ሲያለቅስ እንባ አልወጣው አለ። ወደ ጤና ጣቢያ በጊዜ ስለ ደረሰ ዳነ። እናቲቱም እያለቀሰች «ዝንጅብሉ ያጸዳዋል ብዬ እኮ ነው» አለችን።

እናቶቼ፤ ይህን ቃል አትርሱት። እንዲህ የምናስብ ብዙዎች ነን። ዝንጅብሉ ትኩስ ነው፤ ቅርንፉዱ ያቃጥላል፤ ሎሚው ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ በሽታውን ይገድለዋል እንላለን። ግን አይደለም። በመጠጥ ውስጥ የሚገባው ቅመም መጥፎውን ጣዕም ይሸፍናል እንጂ መጥፎውን ውሃ አያነጻም። እንዲያውም ጣዕሙን ስለሚሸፍን ሰው ሳይጠራጠር እንዲጠጣ ያደርገዋል።

«ፈላ» የምንለው ሁለት ነገር ነው

በቋንቋችን ውሃ በእሳት ላይ ሲንተከተክ «ፈላ» እንላለን። ጠላ በጋን ውስጥ አረፋ ሲያወጣም «ፈላ» እንላለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን እጅግ የተለያየ ነው።

የእሳቱ ፍላት ይገድላል። በውሃው ውስጥ ያሉትን፣ ተቅማጥና ታይፎይድ፣ አሜባና ጃርድያ የሚያመጡትን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ያጠፋል። የገንቦው ፍላት ግን ያራባል። እርሾ የምንለው ራሱ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስኳር ይበላል፤ በልቶም ሁለት ነገር ያወጣል። አንደኛው ጋዝ ነው፤ አረፋውም፣ ምላስ የሚቆነጥጠውም እርሱ ነው። ሁለተኛው አልኮል ነው። ሌሎች ተሕዋስያን ደግሞ ኮምጣጣውን ያመጡታል። መፍላትና መኮምጠጥ የሕያዋን ሥራ መሆኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 ማስረዳት የጀመረው ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ብዙ ሰው ነገሩ እንዲያው በራሱ የሚሆን ይመስለው ነበር።

እንግዲህ በገንቦው ውስጥ የሚሠሩት ሕያዋን ናቸው ካልን የምንፈልጋቸው ብቻ እንዲገቡ መጠንቀቅ ይገባናል። ካልታጠበ እጅ፣ ከጥሬ ውሃ፣ ዝንብ ካረፈበት ጨርቅ የገባው ተሕዋስ «እኔ የተቅማጥ ነኝ፤ ልውጣ» አይልም። የመጠጡ ኮምጣጣነት አንዳንዱን ያደክመው ይሆናል፤ ሁሉን ግን አያጠፋም። በጠላ ውስጥ ያለው አልኮልም ቢሆን ለዚህ አይበቃም።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የእሳቱ ፍላት፤ ቀጥሎ የእርሾው ፍላት። ከእሳቱ ፍላት በኋላ ጥሬ ውሃ በፍጹም አይገባም። የዛሬው ትምህርት ሁሉ በዚህ ተጠቅልሎ ያለ ነው።

ደጋ ላይ ውሃ ፈጥኖ ይፈላል

ስለ አገራችን ከፍታ አንድ ነገር ላስረዳ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በጅቡቲ ጠረፍ ውሃ የሚፈላው ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እዚህ ደጋው ላይ ግን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ሲንተከተክ ያው ይመስላል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል። ስለዚህ በደጋ የምትኖሩ እናቶች ውሃው ከታች እስከ ላይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ያህል ተዉት። ሰዓት ከሌለ አባታችን ሆይን ቀስ ብሎ ስድስት ሰባት ጊዜ መድገም ነው።

የፈላው ውሃ በፈላበት ዕቃ እንደ ተከደነ ይቀዝቅዝ። ወደ ሌላ ዕቃ የሚገለበጥ ከሆነም ዕቃው በፈላ ውሃ የታጠበ ይሁን። የሚጠልቅበት ጣሳ መያዣ ያለው ይሁንና ጣት ውሃውን አይንካ።

ስለ ገብሱ

የመንዝና የግሼ ገብስ ለቀሪቦ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ከመቁላት አስቀድሞ መልቀም ያስፈልጋል። የሻገተ፣ የሻጋታ ሽታ ያለው፣ እርጥበት መትቶት የጠቆረ ገብስ ለመጠጥም ለእንጀራም አይሁን። የሻጋታ መርዝ በመቁላትም በመቀቀልም አይጠፋም።

ደግሞ ከገብሱ ጋራ የሚበቅለውን ሲናር አስተውሉ። አንዳንድ ጊዜ በሲናሩ ራስ ላይ በፍሬው ፈንታ ትንሽ ጥቁር ቀንድ የመሰለ ነገር ይወጣል። ይህ ክፉ መርዝ ያለው የሻጋታ ዓይነት ነው። በ1970 ዓ.ም. በጎረቤታችን በወሎ እንዲህ ያለ ሲናር የተቀላቀለበት እህል የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቆረና እየደረቀ ተጎድተዋል፤ የሞቱም ነበሩ። ይህን ጥቁር ቀንድ ያገኘ ሰው ለይቶ ያውጣና ይቅበር እንጂ ለከብትም አይስጥ። ቆልቼዋለሁ ብሎ መተማመንም አይገባም።

ቀሪቦ እንዴት ይዘጋጃል

ለ5 ሊትር ያህል ቀሪቦ ይህን አዘጋጁ፤ ግማሽ ኪሎ ገብስ፣ 6 ሊትር ውሃ፣ ሦስት የሻይ ብርጭቆ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሱቅ የሚገዛ ደረቅ የዳቦ እርሾ።

1ኛ. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ካልተገኘ በአመድ። ጥፍር ይቆረጥ።

2ኛ. ገብሱ እንደ ቡና እስኪጠቁር ድረስ በምጣድ ይቆላ። ከሰል እስኪሆን ግን አይረር፤ መጠጡን ያመርረዋልና። ከዚያ በኋላ ሸርከት ተደርጎ ይፈጭ።

3ኛ. ውሃው ሲንተከተክ የተፈጨው ገብስ ይጨመርና 20 ደቂቃ ያህል ይፍላ። በእሳት መፍላት የሚገባቸው ቅመሞች የሚጨመሩት በዚህ ጊዜ ነው።

4ኛ. ወርዶ፣ ተከድኖ ጥቂት ይርጋ። ቀጥሎም በፈላ ውሃ በተቀቀለ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለል። ትናንት ሽሮ የተነፋበት ወንፊት ወይም ከግድግዳ ላይ የተነሣ ጨርቅ ለዚህ አይሆንም።

5ኛ. ሁለቱ ብርጭቆ ስኳር ይጨመርና ለብ እስኪል ይጠበቅ። ለሕፃን ገላ ማጠቢያ ከሚሆነው ውሃ በላይ አይሙቅ። ትኩስ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል። ከዚያ እርሾው ይጨመር።

6ኛ. አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈንና ይደር። እዚህ ላይ ደጋና ቆላ ይለያያሉ። በመንዝና በግሼ ሌሊቱ ስለሚበርድ እርሾው ይሰንፋል፤ ስለዚህ ገንቦው በባና ይጠቅለልና ከምድጃው አጠገብ ይደር። እስከ ረፋድ ወይም እስከ ቀትር ቢቆይ አያስደንቅም። በመርሐቤቴ፣ ይልቁንም ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ በሚወርደው አገር፣ ሙቀቱ ስለሚያፋጥነው ማለዳ ላይ ይደርሳል።

7ኛ. አረፋው በላዩ ሲሰበሰብና ሲቀመስ ቆንጠጥ ሲያደርግ ደርሷል ማለት ነው። የቀረው አንድ ብርጭቆ ስኳር ይጨመርና በዚያው ቀን ይጠጣ። ለነገ ለከነገ ወዲያ አይቀመጥ፤ በቆየ ቁጥር አልኮሉ ይጨምራል፤ የልጆች መጠጥ መሆኑም ይቀራል።

ማጣፈጫው በየትኛው ጊዜ ይግባ

እናቶች በብዛት የሚሳሳቱት በቅመሙ ዓይነት ሳይሆን በሚገባበት ጊዜ ነው። ማጣፈጫ ሁሉ ከሁለት ወገን ነው፤ በእሳት የሚያልፍና በእሳት የማያልፍ።

በእሳት የሚያልፈው ደረቅ ቅመምና ሥር ነው። ዝንጅብል ከአፈር የወጣ ሥር ስለ ሆነ ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ ከገብሱ ጋራ ይፍላ፤ ለ5 ሊትር የአውራ ጣት ያህል ይበቃል። ኮረሪማ ሦስት ፍሬ ይፈልፈልና ይደቅ። ቅርንፉድ አራት አምስት ራስ፣ ቀረፋ የጣት ያህል ስባሪ ይበቃል። ቅመም በበዛ ቁጥር ይጣፍጣል ማለት አይደለም። ቅርንፉድና ቀረፋ የበዙ እንደ ሆነ እርሾውን ያደክሙታል፤ መጠጡም ሳይፈላ ያድራል። «ቀሪቦዬ አረፋ እንቢ አለኝ» የምትል እናት አስቀድማ የቅመሟን ብዛት ትመርምር።

ጦስኝ ከገበያ የሚገዛ ቅመም አይደለም፤ በመንዝ ደጋ በሜዳው ላይ የሚበቅል የራሳችሁ ሀብት ነው። መዓዛው ግን በእሳት ላይ ፈጥኖ ይበንናል። ስለዚህ ታጥቦ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ብቻ ይጨመርና ዕቃው ይከደን። ከብት ከሚውልበትና ከሚያድርበት ቦታ አይለቀም። ሲለቀምም ከነሥሩ አይነቀል፤ ጫፉ ይቆረጥ እንጂ። ከነሥሩ የተነቀለው ለከርሞ አይገኝም።

ቀጋም እንዲሁ ነው። የበሰለው ቀይ የቀጋ ፍሬ ለሁለት ይከፈልና ውስጡ ያለው ፍሬና ፀጉር ተጠርጎ ይውጣ፤ ፀጉሩ ጉሮሮ ይከረክራልና። ከዚያ 10 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ በደቃቅ ጨርቅ ተጠልሎ ወደ ቀሪቦው ይጨመር። ለመጠጡ ደስ የሚል ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይሰጠዋል።

በእሳት የማያልፈው የሎሚና የብርቱካን ጭማቂ ነው። እሳት ጣዕሙንም ጥቅሙንም ይቀንሰዋል። ስለዚህ ከቆላው ወደ ገበያ የሚወጣው ሎሚ የሚጨመቀው መጠጡ ሊቀርብ ሲል ነው። ነገር ግን ሎሚው ሳይቆረጥ ከነቅርፊቱ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። «ቅርፊቱ አይበላ፤ ለምን አጥበዋለሁ» የምትሉ አላችሁ። ቢላዋው ግን በቅርፊቱ ላይ ያለውን እድፍ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። የብርቱካን ቅርፊት ለመዓዛ ያማረው ሰው ደግሞ ቢጫውን ብቻ በስሱ ልጦ በእሳቱ ፍላት ጊዜ ይጨምር፤ ነጩ ያመርራል።

ብርዝ ለሚያዘጋጁ ደግሞ ይህ ይበቃል። አንድ እጅ ንጹሕ ማር በአምስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበረዝ። ዝንጅብል ከተፈለገ አስቀድሞ በውሃው ውስጥ ይፍላ። ብርዝ እርሾ ሳይጨመርበት ቢያድር ቢውል አረፋ ያወጣል፤ እርሾው በራሱ በማሩ ውስጥ አለና። አረፋ ካወጣ ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ለልጆች የሚሰጠው በተበረዘበት ቀን ብቻ ነው።

ስለ ዕቃው

ሸክላ ላቡን ይጠጣል፤ በውስጡም የትናንቱን ያስቀራል። እናቶቻችን ገንቦውን በግራዋ ማሸታቸውና በወይራ ማጠናቸው መልካም ልማድ ነው፤ አትተዉት። ነገር ግን በመካከሉ አንድ ነገር ጨምሩ፤ ከግራዋው በኋላና ከጢሱ በፊት በፈላ ውሃ ይለቅለቅ። ጢሱ መዓዛ ይሰጣል፤ ያደርቃል፤ የፈላ ውሃን ሥራ ግን አይሠራም።

የጸረ ተባይ ወይም የጸረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሁን። መርዙ በላስቲኩ ውስጥ ዘልቆ ይቀራል። እንዲህ ያለው ዕቃ ይቀደድና ለምንም እንዳይሆን ይደረግ። የቆርቆሮ ባልዲም ለውሃ መቅጃ ይሁን እንጂ የሚኮመጥጥ መጠጥ አይደርበት፤ ኮምጣጣው ሽፋኑን እየበላ ወደ መጠጡ ያስገባዋልና።

ጠርሙስ አትድፈኑ

ስለ ጠርሙስ ስናገር የራሴ ነገር ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ እናቴ ለመንገደኛ ዘመድ ብላ ቀሪቦ በጠርሙስ ሞልታ፣ አፉን በእንጨት ውታፍ ጥብቅ አድርጋ ደፈነችው። ከመደቡ ላይ አስቀመጠችው። ፀሐይዋ በበር ገብታ አረፈችበት። ታናሽ ወንድሜ አጠገቡ ተቀምጦ ይጫወት ነበር። ጠርሙሱ እንደ ጥይት ጮኸ። ስባሪው ቅንድቡን ቀደደው፤ ከዓይኑ የተረፈው አንድ ጣት ያህል ነበረ። ጠባሳው ዛሬም አለ። እናቴም እስክታረጅ ድረስ ያችን ቀን ስታነሣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርሾው ስኳር እስካለ ድረስ ጋዝ ማውጣቱን አይተውም። መውጫ ያጣ ጋዝ ደግሞ ጠርሙሱን ይገፋዋል። ስለዚህ የሚፈላ መጠጥ በተደፈነ ጠርሙስ አይቀመጥ። ለመንገድ ከሆነ በላስቲክ ጠርሙስ፣ አፉ ሳይሞላ፣ ክዳኑ ላላ ተደርጎ ይያዝ፤ በየጊዜውም ይተንፍስ።

የማይጠጡት እነማን ናቸው

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማርም ብርዝም አይቅመስ፤ ለአዋቂ የማይጎዳ ሆኖ የሕፃኑን ሰውነት የሚያዝል ክፉ መርዝ የሚያመጣ ተሕዋስ በማር ውስጥ ሊኖር ይችላልና። ነፍሰ ጡሮች ጤና አዳም የበዛበት መጠጥ አይጠጡ። ቅራሪም ቢሆን፣ ቀጭን ነው ተብሎ፣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር አይሰጥ፤ የቀጠነ ጠላ ጠላ ነው። ቀሪቦም ለልጆች የበዓልና የእንግዳ ቀን መጠጥ ይሁን እንጂ የየዕለት ውሃቸው አይሁን፤ ስኳሩ ጥርስ ይጎዳል።

እናቶች የጠየቁት

ትምህርቱ ሲያበቃ አንዲት አሮጊት እናት ተነሥተው «ልጄ፤ እኛ ጥሬ ውሃ ስንጨምር ኖረን፣ ጠጥተን አድገን የለም ወይ?» አሉኝ። እኔም «እማማ፤ እናትዎ ስንት ወለዱ? ስንቱ አደገ?» አልኳቸው። «ዘጠኝ ወልዳ አራት አደግን» አሉና ዝም አሉ። ቤቱም ዝም አለ። እናቶቼ፤ ጠጥተን አደግን የምንለው የቀረነው ነን። ያልቀሩት መጥተው አይናገሩም። ሁሉንም ውሃው ወሰዳቸው አልልም፤ ነገር ግን በውሃ የሚመጣውን በሽታ ልንከላከለው የምንችል ነውና ለምን እንተወው?

አንድ አባት ደግሞ «ማገዶው ከየት ይምጣ? ኩበቱም እያለቀ ነው» አሉ። እውነት ነው። ስለዚህ እሳቱ አንድ ጊዜ ይንደድና ሁለት ሥራ ይሥራ። ቀሪቦው ሲፈላ ምናልባት እንግዳ ቢበዛ ለማቅጠኛ የሚሆነው ውሃ በዚያው ምድጃ ቀጥሎ ይፍላና ተከድኖ ይቀመጥ። የድፍድፉም ማቅጠኛ እንዲሁ ይሁን፤ ጠላ ሲጠመቅ ጥሬ ውሃ የሚገባው በዚያ ጊዜ ነውና። ዕቃው ተከድኖ ሲፈላ ማገዶ ይቆጥባል። ፈጽሞ የማይቻል ከሆነም ከጤና ኬላው ሠራተኛ ዘንድ ስለ ውሃ ማከሚያ መድኃኒት ይጠየቅ፤ በእሽጉ ላይ እንደ ተጻፈውም ይደረግ።

አንዲት ወጣት እናት «ልጄን ተቅማጥ ከያዘው ቀሪቦ ወይም ብርዝ ብሰጠው ያበረታዋል ወይ?» ብላ ጠየቀች። የለም። ብዙ ስኳር ያለው መጠጥ ተቅማጡን ያብሰዋል። ለእርሱ የሚሆነው ከጤና ኬላ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። አንዱ እሽግ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጥና ቀስ በቀስ ይጠጣ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ጡት የሚጠባም ከሆነ ጡቱ አይቋረጥበት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ፣ ወይም ደም ከታየበት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ይህን ያዙ። ገብሱ ይለቀም። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ቅመሙ በእሳቱ ፍላት ጊዜ፣ ሎሚው ታጥቦ በማቅረቢያው ጊዜ ይግባ። ዕቃው በፈላ ውሃ ይለቅለቅ። ጠርሙሱ አይደፈን። ከእሳቱ ፍላት በኋላ ጥሬ ውሃ አይጨመር። እንግዳ ቢበዛ በጽዋው ቀነስ አድርጎ መቅዳት ነውር አይደለም፤ ጎረቤትም እንግዳም የሚያስታውሰው የቀረበለትን ፈገግታ ነው።

ማንበብ የሚችል ልጅ ይህን ወረቀት ለእናቱና ለአያቱ ያንብብላቸው። ያነበበም ለጎረቤቱ ያውሰው።

ያችም ያልኳችሁ እናት ዛሬ በመንደሯ የቀሪቦ ባለሙያ ናት። ድግስ ሲኖር ይጠሯታል። ገንቦውን ከማየቷ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማቅጠኛው ውሃ ፈልቷል?» ትላለች። አዎን ሲሏት ያኔ ዝንጅብሉን ታወጣለች።

ቤታችሁን ጤና፣ ገበታችሁን በረከት ያድርግላችሁ።